በረንዳ የሌለው ክፍል

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ነሽልኝ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም መስኮት ከፍተሽ ነው የምትተኚው? ባልሽስ እንዴት ነው? አዲሱ ሆቴል ተስማማው? ወገቡን ያመዋል ብለሽኝ ነበር፤ ቆሞ የሚውል ሰው በጫማ ከሰሰተ በወገቡ ይከፍላል ብላለች በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል እንጂ ሌላው በቦታው ነው። አባትሽም ይበላል፣ ይተኛል፣ ረፋድ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። የእሱን ነገር ቆይቼ እመጣበታለሁ፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ስለ እሱ ብዬ ነው።

ፖስታሽ የደረሰኝ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ቤት ተቀምጣ እያለች ነው። መነጽሬን እስክፈልግ እንኳ አላስቻላትም፤ ከእጄ ወስዳ ጮክ ብላ አነበበችው። ስምንተኛ ፎቅ፣ ባለ በረንዳ ካቢን፣ መጠጥ እንደ ልብ፣ ለሁለት ሰው። የአንቺና የባልሽ ደግሞ በዚያው መርከብ ላይ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብሎ። እንዲህ ያለች ልጅ የወለደ ማህፀን ይለምልም ብላ መረቀችኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። ተባረኪ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ከአንጀቴ ነው የምልሽ።

እሷ ከሄደች በኋላ ከቲኬቱ ጋር አጣጥፈሽ የላክሻትን ብጣሽ ወረቀት አየኋት። ግማሹን መንገድ መጥቻለሁ፣ ግማሹን ደግሞ አባዬ ይምጣ፤ እዚያ መርከብ ላይ ሳለን ይቅር በይኝ የምትል አንዲት ቃል ካልተነፈሰ ግን ከእንግዲህ እኔን አትጠብቁኝ ብለሻል። የእጅ ጽሑፍሽን አውቀዋለሁ፤ ስትናደጂ ወረቀቱ እስኪበሳ ነው የምትጫኚው። ደጋግሜ አነበብኳት፤ ከዚያ ኪሴ ከትቼ ለአባትሽ ምሳ አቀረብኩ። 

ስለዚህ ልመና አለኝ። ቲኬቱን ቀይሪልኝ።

ከመቆጣትሽ በፊት ስሚኝ። እናቴ ያልተሳፈረችበት መርከብ የለም እያልሽ ለጓደኞችሽ የምትፎክሪብኝ አንቺ ነሽ፤ ታዲያ ባለሙያ ቤትሽ እያለልሽ ለምን ሳትጠይቂኝ ገዛሽ? የመጀመሪያውን ቲኬት አባትሽ ከሚሠራበት የአሳንሰር ድርጅት ለረጅም አገልግሎቱ ሲሸለም፣ ውሃ ላይ የሚተኛ ዳክዬ ነው፣ እኔ አልሄድም ብዬ ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሄጄ አወቅኩት። ከዚያ በኋላ የቤቱ ቀለም ተላጠ፣ የሶፋው ሆድ ወጣ፣ እኛ ግን በየዓመቱ መርከብ ላይ ነን። ዘመዶቻችን እነዚያ ዓሣዎች ይሉን እንደነበር ሰምተሻል።

መጀመሪያ ስለ ካቢን ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ከፍ ያለውን ፎቅ ይሻማል፤ ከፍታ ሁሉ ክብር ይመስለዋል። መርከብ ግን እንደ ረጅም ሰው ነው፤ ሲንገዳገድ ከሁሉ በላይ የሚወዛወዘው ጭንቅላቱ ነው። ማዕበል የመጣ ቀን የላይኞቹ ከባልዲ ጋር ተቃቅፈው ሲያድሩ እኛ የታችኞቹ ካርታ እንጫወት ነበር። ፊት ለፊት ያለው ክፍል መርከቡ ውሃውን በመታ ቁጥር ያስደነግጥሻል፤ ኋላ ያለው ደግሞ ከሞተሩ ጋር ሲንቀጠቀጥ ጥርስሽን ያፋጭብሻል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ እሱም መሃል ወገቡ ላይ። ደግሞም ከበላይሽ ምን እንዳለ ሳትጠይቂ ክፍል አትያዢ። አንድ ጊዜ ከጭፈራ አዳራሹ ሥር ገብተን ጣሪያችን ላይ ሲደለቅ ሰነበተ፤ ሌላ ጊዜ ከወጥ ቤቱ ሥር ገባንና ወፍ ሳይንጫጫ የሳህን ጋሪ ራሳችን ላይ ይነዳ ጀመር።

አባትሽ አሁን መጥቶ መርከቡ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው ብሎ ጠየቀኝ። ገና ነው አልኩት። ሄዶ ተቀመጠ።

ከአሳንሰሩም ራቂ። ይሄ የእኔ ሳይሆን የአባትሽ ሕግ ነው፤ ሰው ለዕረፍት ሄዶ የሥራውን ድምፅ እየሰማ መተኛት የለበትም ይል ነበር። ይበል እንጂ እሱ ራሱ ሻንጣውን እኔ ላይ ጥሎ መጀመሪያ የሚሮጠው አሳንሰሩን ሊያይ ነው። መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ላይ ታች ሲል ይቆይና ተመልሶ ይሄ መርከብ ጤነኛ ነው፣ ወይም ይቺኛዋ ደክሟታል ብሎ ፍርዱን ይሰጠኛል። አብረሽን በመጣሽበት ጊዜ እንዴት እንዳሳፈረሽና የማላውቀው ሰው ነው ብለሽ ፊትሽን አዙረሽ እንደቆምሽ አልረሳሁም። አሁን ያን ሳስበው ልቤን ይሰብረዋል።

በረንዳውንማ ተይው። ሰው በረንዳ ብሎ ይገዛና የዋና ልብሱን ያሰጣበታል። ነፋሱ አያስቀምጥ፣ ከጎን ያለው ሰውዬ ሲጋራውን ያጨስብሻል፣ ከበላይ ያለችው ሴትዮ ልጆቿን ስትቆጣ ትሰሚያለሽ። ባሕሩ እንደሆነ መርከቡ ላይ ከየትም ይታያል። እኛ የምንይዘው መስኮት የሌለውን የውስጥ ክፍል ነበር፤ መብራቱን ሲያጠፉት ድቅድቅ ይላል፣ እንቅልፉ ማር ነው። ሁልጊዜም አንድ ቁጥር ነበር የምንጠይቀው። የዚያ ድርጅት መርከቦች እህትማማች ናቸው፤ በአንድ ንድፍ ስለተሠሩ በአንደኛዋ ላይ ክፍልሽን ዓይንሽን ጨፍነሽ ካገኘሽ በሌላዋም ታገኚዋለሽ። አባትሽ ደግሞ ያን ቁጥር እንደ ቤቱ ነው የሚወደው። መርከቡ ይቀየራል እንጂ ቤታችን አንድ ነው ይለኝ ነበር።

ስለ ጥቅማጥቅሙም ልንገርሽ። የቆየ ደንበኛ ስትሆኚ ደረትሽ ላይ የምትሰኪያት ዓርማ ይሰጡሻል፤ እሷን ላደረገ ለብቻው ሰልፍ አለው። ሰልፉ ግን ከሌላው ይረዝማል፤ ሁሉም የቆየ ደንበኛ ነዋ። ካፒቴኑ ይጋብዝሻል። እግርሽ እስኪዝል ቆመሽ፣ መተኛት ያማረውን ሰው እጅ ጨብጠሽ ትመለሻለሽ። ክፍልሽ ውስጥ ፍራፍሬ ያስቀምጡልሻል፤ ፖሙ እንዲያብለጨልጭ ሰም የተቀባ ነው፣ አትብዪው። ከሁሉ ደህናው በነፃ ልብስ ማሳጠብ ነውና እሱን እንዳታሳልፊ። ከሁሉ ክፉው ደግሞ ክፍልሽን በነፃ አሻሽለንልሻል ሲሉሽ ነው። ምን እንዳመጣብኝ እነግርሻለሁ፤ ዙሪያውን የምዞረው ለመናገር ስለከበደኝ ነው።

መጠጡን በተመለከተ ባሌ ከአንቺ ይበልጣል እንዳትይኝ። እሱ ቀጂ ነው፣ እኔ ጠጪ ነኝ፤ የብርጭቆን ነገር ጠጪ ነው የሚያውቀው። እንደ ልብ ይጠጣል የሚሉት ነገር ሰውን ባሪያ ያደርገዋል። የከፈለበትን ለማውጣት ሲል ገና ቁርስ ሳይነሣ ይጀምራል፤ ጉዞው ሲያልቅ ወደቦቹን አላያቸውም። ስትሳፈሪ በር ላይ የሚሰጡሽ ያ አረፋማ ነገር ስኳር ውሃ ነው፤ ለይሉኝታ ተቀበዪና የአበባ ማስቀመጫ ፈልገሽ ድፊው። የወረቀት ጃንጥላ የተሰካበትን አትዘዢ፤ በረዶ ታኝኪያለሽ እንጂ አትጠጪም። ዋና ገንዳው ዳር ያለውን ግርግር ትተሽ ወደ ኋላ ጥግ ያለችውን ትንሿን ባር ፈልጊ፤ በመጀመሪያው ቀን ቀጂውን ስለ እናቱ ጤና ጠይቂው። ከዚያ በኋላ መስፈሪያውን አስቀምጦ በልቡ ይቀዳልሻል። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ ስለ እናቱ ጠይቀሽ ልጁን ራሱን ይዘሽው ወረድሽ።

ይህን ስጽፍ ብቻዬን ሳቅኩ። ያኔ አባትሽ አልሳቀም። ለመጠጥ ቀጂ የማሳድጋት ልጅ የለችኝም ብሎ በሠርግሽ ዋዜማ በር ላይ የተናገረሽን አንቺም አልረሳሽም፣ እኔም አልረሳሁም። ሠርግሽ ላይ ብቻዬን መጥቼ የእሱን ወንበር በቦርሳዬ ነው የያዝኩት። አራት ዓመት ሙሉ ቂም ይዘሽበታል፤ መብትሽ ነው። ተሳስቷል፣ እኔም ያኔውኑ ነግሬዋለሁ፤ በኋላ ለራሱም ገብቶት ነበር። አሁን የሸሸሁትን ልንገርሽ።

አባትሽ ታሟል። ሕመሙ የመርሳት ነው። ሽማግሌ ቁልፉን የሚያጣበት ዓይነት መዘንጋት አይደለም፤ ሐኪሙ መርምሮ ስሙን ነግሮናል፣ መድኃኒቱ ቢያዘገየው ነው እንጂ አይመልሰውም ብሎናል። ከሠርግሽ ሁለት ዓመት በኋላ ነው የጀመረው። ያልነገርኩሽ አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ከሐኪሙ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ይዞ አስማለኝ። ለልጄ እንዳትነግሪያት አለኝ። ይቅር በይኝ ልላት ነው፤ ነገር ግን መታመሜን ካወቀች በሽታው ነው ያለሰለሰው ትላለች፣ በሙሉ ልቡ ነው ያለኝ እንድትል ነው የምፈልገው አለኝ። ምን ልበለው? ማልኩለት።

ታዲያ መቼ ነው የምትደውልላት ስለው ቃሉን ላስተካክል ይለኝ ነበር። አንቺስ ከማን ወረስሽው፤ ቃል በአፉ ካልተስተካከለለት የማይናገር እሱ ነው። ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ከመስታወቱ ጋር ሲያጉረመርም እሰማዋለሁ። ሳምንት ሳምንትን ወለደ። እኔም አስታውሰው ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን ለልጃችን ዛሬ ደውልላት ስለው ቀና ብሎ አየኝና፣ ለምን እደውላለሁ፣ ትምህርት ቤት አይደለች እንዴ አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ያንን ስልክ አስታውሺ። እሱ አንሥቶ ማን ልበል ሲልሽ፣ ልጅህ ነኝ ስትዪው፣ ልጄማ ትምህርት ቤት ናት ብሎ ዘጋብሽ። አሾፈብኝ፣ ጭራሽ እንደ ሞተች ቆጠረኝ ብለሽ አለቀስሽ፤ እኔም መሐላው አፌን ይዞት፣ ግትርነቱን ታውቂው የለ ብዬ አለፍኩት። አላሾፈብሽም ልጄ። ስልኩን ዘግቶ ሰዓቱን አየና ዛሬ ቆየች ብሎ በር በሩን ሲያይ አመሸ።

መሐላ ማፍረስ ኃጢአት ነው ትዪኝ ይሆናል። እኔ ግን ይቅርታ ጠይቀኝ ብለሽ ፊቱ ስትቆሚ፣ እሱም ምን እንደምትዪው ሳይገባው በፈገግታ ሲያይሽ፣ አንቺም ያን ፈገግታ ንቀት ነው ብለሽ ለዘላለም ስትሄጂ ታየኝ። ከዚያ መሐላዬን ማፍረስ ይሻለኛል።

አሁን ያለፈውን ጉዞ ልንገርሽ፤ አንቺ ስልክ ላይ ዘና በሉ ብለሽ የመረቅሽንን። ሐኪሙ ባይደሰትም የወሰድኩት መርከብ ላይ ስለሚሻለው ነው። ቤታችን ውስጥ መታጠቢያ ቤቱ የሚጠፋበት ሰው እዚያ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ያው ኮሪደር፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው ቁጥር፤ እግሩ ያውቀዋል። አሳንሰር ውስጥ ገብቶ መውጣት የሚረሳበት ጊዜ ነበር፤ ቢሆንም ለተሳፋሪው አሠራሩን እያስረዳ ላይ ታች ሲል እደርስበትና አወጣዋለሁ። በዚያ አላማርርም ነበር።

በዚያኛው ጉዞ ግን ገና እንደ ገባን እንግዳ ተቀባይዋ ፈገግ ብላ፣ የቆያችሁ ደንበኞቻችን ስለሆናችሁ ባለ በረንዳ ክፍል ከነመጠጡ በነፃ ሰጥተናችኋል አለችን። ከኋላችን የቆሙት ሰዎች አጨበጨቡልን። የለም፣ የድሮውን ጨለማ ክፍላችንን መልሱልን ማለት አፈርኩ። ለጀማሪ ሰው ይሄ ምንም አልነበረም፤ የትኛውም ክፍል አዲስ ነውና። አባትሽ ግን ቁጥሩ ሲቀየር ቤቱን እንደሚያጣ አላሰብኩም። ኮሪደር ይሻና የበረንዳውን በር ይከፍታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሁልጊዜ። ገላዬን ለመታጠብ ስገባ እንኳ ወንበር ከበሩ ጋር ደግፌ፣ ወንበሩ ላይ ሻንጣ ጭኜ ነበር። ማታ ማታ የምተኛው እጁን በእጄ ይዤ ነው፤ መተኛት ከተባለ።

መጠጡም ሌላ ጣጣ ሆነ። የአባትሽን ልክ ታውቂዋለሽ፤ ከራት በፊት አንዲት ቢራ፣ ከዚያ በቃ። አሁን ግን የጠጣውን ይረሳና ይቺ የመጀመሪያዬ ናት ብሎ ደግሞ ያዛል፤ እንደ ልብ ነውና ማንም አይከለክለው። የኋለኛዋ ባር ቀጂ አንድ ቀን ጠጋ ብሎኝ፣ እማማ አይቀየሙኝ፣ ለአባባ ከዚህ በላይ ብቀዳላቸው ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም አለኝ። ባልሽን ያሰብኩት ያኔ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ ቢኖር ስል ተመኘሁ።

እናም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሱ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ልብስ ላቀብል ወጥቼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። የደገፍኩት ወንበር ተነሥቶ የበረንዳው በር ክፍት ነው፣ መጋረጃው ወደ ውጭ ይውለበለባል። ያቺን ደቂቃ ለጠላቴም አልመኛትም። ብረቱን ይዤ ወደ ታች አየሁ። ውሃ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ስሙን ጠራሁት መሰለኝ፣ አላስታውስም። ከዚያ ሮጥኩ፤ ይሄ ጉልበት ሮጠልሽ። አሳንሰሮቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ የለም። ባሩ ሄድኩ፣ የለም። ለመርከቡ ሰዎች ልናገር ስል ነው ድንገት የድሮ ቁጥራችን ትዝ ያለኝ።

ወረድኩ። የክፍላችን በር ገርበብ ብሏል። አባትሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጫማውን አውልቆ ከግድግዳው ጋር አስተካክሎ አስቀምጦታል፣ ልክ እንደ ቤቱ። ክፍሉ የአንዲት ወጣት ሴት ነው፤ በአንቺ ዕድሜ ትሆናለች። ከየት እንደሆነች አላውቅም፣ በኋላ እንደተረዳሁት ከቋንቋችን አንዲት ቃል አትሰማም። ግን የሰው ልጅ ናት፤ አልጮኸችም፣ አላባረረችውም። ውሃ ሰጥታዋለች፣ አጠገቡ ተቀምጣለች። እሱ አንድ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ይናገራል። ልገባ ስል ድምፁን ሰማሁና እግሬ ቆመ።

ልጄ ይላታል። በዚያን ቀን በር ላይ ያልኩሽን አፌ ነው ያለው፣ ልቤ አላለም። የሚቀዳ እጅ ከሚጠግን እጅ በምን ያንሳል? እኔስ የሰው አሳንሰር ስጠግን አይደል ያሳደግሁሽ? ልጁን አይቼዋለሁ፣ ለሽማግሌ ወንበር የሚስብ ልጅ ነው። የፈራሁት በመርከቡ ይዞሽ ሄዶ እንዳላጣሽ ነው፤ ስፈራ ደግሞ ክፉ ነገር እናገራለሁ፣ ታውቂዋለሽ። ሠርግሽን ሳላይ ቀረሁ። ያንን መመለስ አልችልም። ይቅር በይኝ ልጄ። ዛሬ ራት አብሮን ይብላ ብለሽ ንገሪው።

ያለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልሽ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም። መስታወት ፊት ሲያስተካክለው የከረመው ቃል ነው፤ ጨርሶት ነበር ለካ። ልጅቷ ምን እንዳላት አልገባትም፤ ብቻ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ራሷን ነቀነቀችለት። እሱም ከላዩ ሸክም እንደወረደለት ሰው እፎይ አለ፣ ውሃውን ጠጣ። ቀና ሲል በሩ ላይ አየኝና ታርቀናል አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በር በሩን አያይም። ትምህርት ቤት ቆየች አይልም። ለእሱ ነገሩ አልቋል፤ ተናግሯል፣ ራስሽን ነቅንቀሽለታል፣ በቃ። ስለዚህ የምትጠብቂያት ቃል ከእንግዲህ ከአፉ አትወጣም። ለአንቺ የሚገባው ለሌላ ሰው ልጅ ተሰጠ፤ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። ይሄ ያሳዝናል፣ እኔንም ያንገበግበኛል። ለባልሽም ይሄን አንብቢለት፤ የእሱም ድርሻ አለበት።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ካወቅሽ በኋላ ምን እንደምትወስኚ አላውቅም። መምጣቱን ብትተዪው አልፈርድብሽም። የምትመጪ ከሆነ ግን ባለ በረንዳውን መልሺላቸውና ዝቅ ያለው ፎቅ ላይ፣ መሃል ላይ፣ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት የውስጥ ክፍሎች ጠይቂ፤ በመካከላቸው እርስ በርስ የሚያገናኝ በር ያላቸው አሉ። አንደኛው ያ የድሮ ቁጥራችን ነው፣ ቲኬት ሻጩ ያውቀዋል። መጠጡን ለእኛ ሰርዢው። ባልሽ ከራት በፊት አጠገቡ ይቀመጥና አልኮል የሌለውን ቢራ ይቅዳለት፤ ጥሩ ቀዝቃዛ ቢራ ነው ብሎ ያመሰግነዋል። በዚያ ላይ እኔ ደክሞኛል ልጄ። ለማንም ብዬው አላውቅም፣ ለአንቺ ልበለው። ያ በር ቢኖር፣ ከወዲያ ማዶ አንቺ እንዳለሽ ባውቅ፣ አንዲት ሌሊት እተኛ ነበር።

አባትሽ መርከቡ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው ብሎ መጣ። ገና ነው አልኩት። ለማን ነው የምትጽፊው አለኝ፤ ለልጃችን ስለው ሰላም በይልኝ ብሎ ተመለሰ። ይኸው ሰላም ብሎሻል።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ትዳርሽን ይባርክ፤ ለሽማግሌ ወንበር የሚስበውን ልጅ ዕድሜ ይስጥልኝ። የወለድሽው ሲጠራሽ የምትሰሚ ያድርግሽ።

የመጣሽ እንደሆነ ወደቡ ላይ ሲያይሽ ላያውቅሽ ይችላል፤ እንደ እንግዳ ይቀበልሽ ይሆናል። ዓይንሽ እያየ ሌላዋን ልጄ ቢልም አትቀየሚው። ለምን እንዲህ አልከኝ ብለሽም አትጠይቂው፣ ከየት ያመጣዋል? ብቻ ልጄ ብሎ ከጠራሽ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ቶሎ ብለሽ አቤት በይው። ያቺ ልጅ አቤት ማለት አታውቅም ነበር።

እናትሽ